«እግዚአብሔር ካሸነፈ እኛ ለምን ተሸነፍን?»

ደብዳቤው፦

«የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ በጀልባ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት እያመላለሰ ነበር ቤታችንን የሚያስተዳድረው። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ በላዩ ላይ ደግሞ የክልላችን ግጭት መጣና እንግዳ የሚባል ጠፋ። ጀልባው ታስሮ ቆሟል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ወርዶ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውኃ ቀድቶ ያፈስሳል፤ ከዚያ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። አምና ታናሽ ወንድሜን ቀበርኩ።

«አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ "ይህ ሁሉ የመጣብን በኃጢአታችን ነው" ይላሉ። አንዲት ወዳጄ ደግሞ ትንቢት ይናገራል ወደሚባል ሰው ወሰደችኝ። "ስእለት አግቡ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ቤታችሁ ይከፈታል" አለኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን የ14 ዓመቷ ልጄ ናት። ማታ ጸሎት አድርሰን "አይዟችሁ፣ አሸናፊው እግዚአብሔር ነው" ስላቸው፣ "እግዚአብሔር ካሸነፈ እኛ ለምን ተሸነፍን?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። በመጨረሻ እግዚአብሔር ያሸንፋል የምላቸው ልጆቼን እየዋሸሁ ይሆን? የወንድሜም ሙት ዓመት ደርሷል፤ ድግሱን ተበድሬ ላውጣው ወይስ ይቅር? ሆድ የባሳት እናት ነኝ።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የወንድምሽን ነፍስ ይማርልን።

አልዋሸሻቸውም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ እሱ መሆኑ ስለተሰማኝ ነው። ልጆቿን ርቧቸው ሳለ ስለ እግዚአብሔር ድል የምትነግር እናት እውነት ተናጋሪ ናት። ነገር ግን ልጅሽ የጠየቀችው ጥያቄ በ«አይዞሽ» የሚታለፍ አይደለም። የ14 ዓመት ልጅ አጎቷን ቀብራ፣ አባቷ ዝም ሲል እያየች ይህን ካልጠየቀች ምን ልትጠይቅ ኖሯል? አትቆጫት፤ ዝም በይም አትበያት። ጥያቄዋ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ያህል ነው። ዳዊት «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጮኋል። በዮሐንስ ራእይ 6 ላይ ደግሞ ስለ እግዚአብሔር ቃል የታረዱት ነፍሳት በሰማይ ሆነው፣ በመሠዊያው ሥር፣ «እስከ መቼ?» እያሉ ይጠይቃሉ። እነዚያ ሰማዕታት ናቸው፤ እምነታቸውን በደማቸው ያተሙ ናቸው። እነርሱ ከጠየቁ ልጅሽ ብትጠይቅ ምን ይደንቃል? ለጥያቄያቸው የተሰጣቸው ነጭ ልብስና «ጥቂት ዘመን ዕረፉ» የሚል ቃል ነው። የተቆጣቸው የለም።

እንግዲህ ልጅሽ ምን ትባል?

ጌታችን «በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ፤ ነገር ግን አይዞአችሁ፤ እኔ ዓለሙን አሸንፌዋለሁ» ያለው መቼ እንደሆነ አስታውሻት። በጸሎተ ሐሙስ ምሽት ነው። ይሁዳ ወጥቶ ሄዷል፤ ሊይዙት የሚመጡት ሰዎች ፋናና መሣሪያ እያዘጋጁ ነው፤ ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮኽ ሊክደው ነው። በዚያ ሰዓት ነው «አሸንፌዋለሁ» ያለው። ድሉን ሲነግራቸው መከራውን አልደበቃቸውም፤ እንዲያውም መከራውን አስቀደመ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ተቸግሮ ስናይ እግዚአብሔር ተሸነፈ የምንል ከሆነ፣ ጌታ ያላለውን ነገር ተስፋ አድርገን ነበር ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ 15ኛ ምዕራፍ «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» ይላል። የኋለኛው ነው የሚለው፤ ሞት ዛሬም በደጃችን ያልፋል፤ በእናንተም ቤት ገብቷል። መጽሐፉ ይህን ያውቃል። የተቀጠረለት ቀን እንዳለም ያውቃል።

ይህን ነገር ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በራሳችን ላይ ታስርልናለች። ቀዳም ሥዑርን አስቢ። ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሃደ» እያሉ ለምለሙን ቄጠማ ያድላሉ። አባወራው ተቀብሎ ለልጆቹ ይቆርጣል፤ እናቶች በሻሽ ላይ ያስራሉ፤ ሕፃናቱ ቀለበት ሠርተው በጣታቸው ያጠልቃሉ። ያን ጊዜ ሰዓቱ ገና ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጾሙ አልተፈታም። ያከፈለ ሰው ከዓርብ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ በስግደት ጉልበቱ ዝሏል። ሌሊቱ ገና ይመጣል፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ገና አልተባለም። እኛ ግን የምሥራቹን ምልክት አስረን ገበያ እንወጣለን፣ ሰላም እንባባላለን፣ ሽንኩርት እንከትፋለን። ቄጠማውን ያሰረው ሰው የራበው ሰው ነው። ማንም ግን «ጾም ላይ ሆነህ ቄጠማ ማሰርህ ውሸት ነው» አይለውም።

ልጅሽን ይህን አስታውሻትና «እኛ ያለነው ቅዳሜ ላይ ነው» በያት። ድሉ ታውጇል፤ ጾሙ ግን አልተፈታም። ትረዳሻለች። ልጆች ቅዳሜ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ በእኛ ሀገር በዚህ ጊዜ በጣም አስፈላጊ መስሎ ስለታየኝ ነው። ልጆቻችን ባለፉት ዓመታት «ድል» ሲባል የሰሙት ከጥይት ድምፅ ጋር ነው። አንዱ ወገን ድል አደረግሁ ይላል፣ በማግሥቱ ሌላው ይላል፣ በሁለቱም ቀን እናቶች ያለቅሳሉ። ስለዚህ «እግዚአብሔር ያሸንፋል» ስትያት ልጅሽ በልቧ «ማንን?» ብላ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። በራእይ 5ኛ ምዕራፍ ላይ ዮሐንስ «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሥቶአል» ሲባል ይሰማል። ዞሮ ሲያይ ግን የቆመው የታረደ የሚመስል በግ ነው። የእግዚአብሔር ድል እንዲህ ያለ ነው። ጎረቤትን አያፈናቅልም፣ የማንንም እናት አያስለቅስም። የሚሻሩት ሞትና ኃጢአት፣ ሰይጣንም ናቸው። በመጨረሻው ቀን «እንባዎችንም ሁሉ ከዓይኖቻቸው ያብሳል» የተባለው ለሁሉም ወገን እናቶች ነው። ለልጆችሽ የምታወርሻቸው ተስፋ ይህ ይሁን፤ ከዚህ ያነሰውን ተስፋ በየመንገዱ ያገኙታል።

ባሕር ዳር ስለሆንሽ ደግሞ ሩቅ ሳትሄጂ የምታሳያት ነገር አለሽ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሂዱና ሥዕሉን አብራችሁ እዩ። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከሥር የተረገጠ ዘንዶ፤ ድል ነሺ ማለት እንዲህ ነው ብላ ታስብ ይሆናል። ከዚያ ገድሉን ንገሪያት። ይህ ድል ነሺ ሰባት ዓመት ተሠቃየ፣ ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሣ፣ በመጨረሻም አንገቱን በሰይፍ ተቆረጠ። ሚያዝያ 23 የምናከብረው የተሰየፈበትን ቀን ነው። ባለቤትሽም ቢሆን እንግዶቹን ይዞ በገባባቸው የዘጌ ገዳማት የመቅደሱን ግድግዳ ስንት ጊዜ አይቶታል። እነዚያ ሠዓሊዎች የሰማዕታቱን ሥቃይ ከቅዱሳኑ ክብር ጎን ለጎን፣ በአንድ ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ቀይና ቢጫ ቀለም ስለውታል። ለሚያየው ሰው ይከብደዋል ብለው አልደበቁትም። ለጎብኚ ሲያስረዳ የኖረውን ለገዛ ልጁ ቢያስረዳት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! አንድ ቀን ትጠይቀው። አንቺ አትጠይቂለት፤ እሷ ትጠይቀው።

ስለ ባለቤትሽ ይህን ያህል ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት፤ ጠዋት ጠዋት ወርዶ ከጀልባው ውኃ ይቀዳል ብለሻል። እህቴ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ለማይሄድ ጀልባ ውኃ አይቀዳም። እንዲሰምጥ ይተወዋል፤ ወይም እንጨቱን ይሸጠዋል። ባለቤትሽ በአፉ መጸለይ አቅቶት ይሆናል እንጂ በየጠዋቱ በእጁ የሚሠራው ነገር ተስፋ ነው። ይህን እንዳየሽለት ንገሪው። «እምነትህ የት ሄደ?» አትበይው። ከትንሣኤ በኋላ ሐዋርያት «ጌታን አየነው» ሲሉ ቶማስ አላመነም፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አላስወጡትም፤ በስምንተኛው ቀንም አብሯቸው በቤት ነበረ። በዳግም ትንሣኤ የምናስበው ይህን ነው። ባለቤትሽም ከማታው ጸሎት መካከል ይቀመጥ፤ ዝም ቢልም ይቀመጥ። እናንተ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ስትሉ እሱም ይስማ። ጸሎተ ሃይማኖትን «እናምናለን» እያልን በአንድነት የምንለው አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲይዝለት ጭምር ይመስለኛል።

ነቢዩ ኤልያስም ሞቱን የለመነበት ቀን ነበር። ከዛፍ ሥር ተኝቶ «ይበቃኛል» ሲል እግዚአብሔር የላከለት መልአክ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ይዞ ነው የመጣው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው። ተግሣጽ አልነበረበትም። አንቺም እንጀራ ጋጋሪ ነሽ፤ ይህ ከማንም በላይ ይገባሻል።

ነገር ግን እንቅልፍ ካጣ፣ መብላት ካቆመ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ሳታመነቺ ወደ ሐኪም ይዘሽው ሂጂ። በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ ጠበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይውሰድ። ንስሐ አባታችሁንም ቤት ጥሪያቸው። ባለቤትሽ ወደ እርሳቸው መሄድ ከከበደው እርሳቸው ይመጣሉ።

አማትሽ ክፉ አስበው የሚናገሩ አይመስለኝም። ሰው ለመከራው ምክንያት ሲያጣ ራሱን መክሰስ ይቀለዋል፤ ቢያንስ ምክንያት አገኘ። ግን ይህ ንግግር ልጆቹን ይጎዳል። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ኃጢአት የሠራ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገርም ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳይመስሉን አስጠንቅቆናል። የኢዮብ ወዳጆች አማትሽ የሚሉትን በብዙ ምዕራፍ ሲሉ ከርመው በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ይጮህ በነበረው በኢዮብ ላይ አይደለም። ንስሐ መግባት ለሁላችንም ይገባል፤ ሞትን ሁሉ የአንድ ቤት ኃጢአት ደመወዝ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ለአማትሽ አንቺ አትንገሪያቸው። ምራት አማቷን ልታስተምር ስትነሣ ቤት እንዴት እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ንስሐ አባታችሁ ሲመጡ ይናገሩት። አንቺ ግን «እማማ፣ እርስዎ ያለፉበትን ክፉ ቀን ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ እግዚአብሔር እንዴት እንዳሳለፋችሁ ይስሙ» በያቸው። በዕድሜያቸው ያዩት መከራ ቀላል አይሆንም። የአያት አፍ እንዲህ ያለውን ሲናገር ልጆች ከስብከት ይልቅ ይሰሙታል።

ወደዚያ ትንቢት ተናጋሪ ሰው ተመልሰሽ አትሂጂ። ምንም አትስጪው። ስእለት ሰው ከልቡ ፈቅዶ ለአምላኩ የሚገባው ቃል ነው፤ ሌላ ሰው ዋጋ ቆርጦና ቀን ቀጥሮ የሚያስከፍለው አይደለም። በኤርምያስ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኘ። ኤርምያስ በመጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለው፤ ሰው የሕዝቡን ደስታ የማይመኝ የት አለ? በኋላ ግን ሐናንያ ሕዝቡን በሐሰት እንዳስታመነ ነገረው። ለተማረኩትም እውነተኛውን ደብዳቤ ጻፈላቸው። 70 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አታክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆች ውለዱ፣ ስላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ተስፋቸውን አልወሰደባቸውም፤ እንዲያውም የፍጻሜ ተስፋ እንዳላቸው የነገራቸው በዚያው ደብዳቤ ነው። ሦስት ወር ሞልቶ ምንም ሳይከፈት ቢቀር ልጅሽ የምትጠራጠረው ሰውየውን ብቻ አይሆንም፤ እግዚአብሔርንም ነው። የሚያናድደኝም ይህ ነው። ገንዘቡን ከድሃ እናት መቀማቱ ሳያንስ የልጆችን እምነትም ይዞ ይሄዳል።

ለእናንተ የኤርምያስ ደብዳቤ ምን ይላል ብትዪኝ፣ ልጅሽ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ደብተሯን አትጣል፤ በየቀኑ የምታነብበት ሰዓት ይኑራት፤ ታናናሾቿን ታስጠና። ባለቤትሽ ጀልባውን ይጠብቅ፤ ሐይቁ ካልተከለከለ ደግሞ እንግዳ እስኪመጣ ድረስ ሰውም ሆነ ማገዶ ማሻገር ያሳፍራል ብሎ አያስብ። ዕድርሽንና የጽዋ ማኅበርሽን አትራቂ። ችግርሽን ለእነርሱ ሳትነግሪ ለእኔ ጽፈሽ እንደሆነ፣ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ሰው ይታዘበኛል ብለሽ እንዳትቀሪ፤ በዚህ ዘመን በባሕር ዳር ያልጎደለበት ቤት ጥቂት ነው።

ማታ ስትጸልዩ ደግሞ ልጅሽ አንድ መዝሙረ ዳዊት እንድትመርጥ ተዪላት። የሚያለቅሰውን ብትመርጥ አትከልክያት። «እስከ መቼ» የሚለው 12ኛው መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 13ኛው) አጭር ነው፤ በለቅሶ ተጀምሮ በዝማሬ ያልቃል። በመካከሉ ግን የተለወጠ ነገር አይታይም። ጠላቱ አልጠፋም፣ ችግሩ አልተፈታም፤ የሚዘምረው በተስፋው ብቻ ነው። ዕንባቆምም በለሱ ባያፈራ፣ በጎችም ከበረት ቢጠፉ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ብሏል። ዛሬ ይህን ማለት ካልቻላችሁ ግድ የለም፤ «እስከ መቼ» የሚለው ላይ ቆዩ። እርሱም ጸሎት ነው።

የሙት ዓመቱን ጉዳይ በመጨረሻ ያቆየሁት መልሱ አጭር ስለሆነ ነው። አትበደሪ። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። ድንኳን ተክለሽ፣ በሬ ጥለሽ፣ ጠላ ጠምቀሽ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ ዕዳ ስትከፍዪ ብትኖሪ የወንድምሽ ነፍስ አትጠቀምም፤ ልጆችሽ ግን ይጎዳሉ። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን እረዳለሁ፤ ወንድምን ያለ ድግስ ማሳለፍ በእኛ ሀገር ይከብዳል። ዘመዶች ቢያጉረመርሙ ንስሐ አባትሽ የመከሩሽ መሆኑን ንገሪያቸው። ስለዚህ አስቀድመሽ እርሳቸውን አማክሪ፤ ስሙን በቅዳሴ ያስቡልሽ፤ ፍትሐቱን ያድርሱ። አንቺ ከምትሸጪው ዱቄት ቀንሰሽ የምትችዪውን ያህል ዳቦ ድፊ፤ ልጆችሽ ይዘውት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን በእጃቸው ይስጡ። የተቀበለው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲል ትልቋ ልጅሽ «አሜን» ትበል። ባለቤትሽም ዳቦውን ተሸክሞ አብሯችሁ እንዲሄድ ለምኚው፤ ቅዳሴ ግባ አትበይው፤ እስከ ደጁ ድረስ ብቻ ይሸኛችሁ።